የክረምቱ እበት የኔ፣ የበጋው የእማዬ

«ማነው ጎመኑ ላይ አመድ የበተነው?»

የእማዬ ድምፅ ነው። ወሩ ኅዳር፣ ሰዓቱ ማለዳ፣ አገሩ ደብረ ብርሃን። የሦስቱን ድምር የቀመሰ ያውቀዋል። ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ። አመድ የበተነ ሰው የለም። ጥቅል ጎመኑ ላይ የተነሰነሰውን ግራጫ ነገር ጠጋ ብዬ ሳየው ይንቀሳቀሳል። ክሽክሽ ነው፣ የተክል ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ። እርስ በርሱ ተደራርቦ የቅጠሉን ሆድ ሞልቶታል። ላዩ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ሰም አለው። ውሃ ብደፋበት ውሃው እየተንከባለለ ወረደ እንጂ አላራሰውም።

ከአዲስ አበባ ጠቅልዬ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ጓሮው የአባቴ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ ግማሹን ባህር ዛፍ፣ ግማሹን አረም ወርሶት ከርሟል። ከቢሮ ስመለስ እጄ ሥራ እንዲያገኝ ብዬ መደብ መደብ አድርጌ ቆፈርኩት። ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳር ዳሩን ባቄላ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቀድሜ ልናገር። የኔ ነው። ገበሬ ዘመዳችን የተረፈው ዩሪያ ሰጥቶኝ ነበር። ስንት ለስንት እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ በእፍኝ በእፍኝ ነሰነስኩት። ጎመኑ ጉድ አሰኘ። ጠቆረ፣ ተንዠረገገ፣ ቅጠሉ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ። አላፊ አግዳሚው አጥር ላይ ቆሞ ያየው ጀመር። እኔም ደረቴን ነፋሁ። የማላውቀው ነገር፣ ናይትሮጂን የበዛበት ተክል ቆዳው እንደሚሳሳና ፈሳሹ ለክሽክሽ እንደሚጣፍጥ ነው። ድግስ ደግሼ፣ ድንኳን ጥዬ፣ እንግዳው ሲመጣ ደነገጥኩ ማለት ነው።

እንግዳው ደግሞ ወንድ አያስፈልገውም። ሴቷ ክሽክሽ ሳትጠቃ፣ እንቁላል ሳትጥል፣ ነፍስ ያላቸው ሴት ልጆች ትወልዳለች። እነሱም ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላ ይወልዳሉ። ሰኞ ጥቂት ያየሁት እሑድ ቅጠል የሚያለብሰው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥፋቴ የባሰ ነው። መድኃኒት ገዛሁ። ሻጩ ከትልቅ ጀሪካን በሃይላንድ ቀድቶ ሰጠኝ። ስሙ የለም፣ ጽሑፍ የለው። «በአንድ ክዳን አንድ ባልዲ» አለኝ፣ በቃ። ጭምብል የለኝ፣ ጓንት የለኝ፣ ነፋሱ ወደ ፊቴ ሲመልሰው ዓይኔን በክንዴ እየጠረግኩ ረጨሁ። በማግስቱ ክሽክሹ ረግፎ ጠበቀኝ። ደስታዬን አልደብቅም።

ማታ ቡና ላይ እማዬ አንድ ነገር ጠየቀች።

«አሁን ይሄን ጎመን መቼ ነው የምንበላው?»

መልስ አልነበረኝም። ፀረ ተባይ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብን የሚነግረን የዕቃው ጽሑፍ ነበር። የኔ ሃይላንድ ዝም ብሎ ነጭ ፕላስቲክ ነው። እስቲ አስቡት፣ «ጎመን በጤና» እየተባልን አድገን፣ ጎመኑን ራሱን ፈራነው። ለላሞቹም አልሰጠንም። ነቅዬ ራቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኩት። የቀረውን መድኃኒት የት እንደማደርገው ግን እስካሁን አላወቅኩም። ጣሪያው ሥር፣ እጅ ከማይደርስበት ቦታ ተሰቅሎ አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌሎቹ መደቦች ላይ ክሽክሹ በእጥፍ ተመለሰ።

ለምን በእጥፍ? ይህን የገባኝ ዝም ብዬ ማየት ስጀምር ነው። ጀርባዋ ነጠብጣብ ያለባትን ቀይ ጥንዚዛ ሁላችንም በልጅነታችን መዳፋችን ላይ አሂደናታል። እሷ ክሽክሽ በሊታ ናት። ልጆቿ ግን እሷን አይመስሉም። ጥቁር፣ ረዘም ያሉ፣ ጎናቸው ብርቱካናማ ነጥብ ያለበት፣ ትንሽ አዞ የሚመስሉ አስቀያሚ ትሎች ናቸው። እኔ «ደግሞ ይሄ ምን ጉድ ነው» እያልኩ በጣቴ ስጨፈልቃቸው ከርሜያለሁ። ክሽክሽ ላይ ከእናታቸው ያላነሰ የሚዘምቱት እነሱ እንደሆኑ ሳውቅ ሰው ፊት ቆሜ ያፈርኩ ያህል አፈርኩ።

ሌላም አለ። ከክሽክሾቹ መሐል አንዳንዱ አብጦ፣ ደርቆ፣ እንደ ገብስ ቆሎ ቡናማ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ታያላችሁ። የታመመ ይመስላል። በዓይን የማትሞላ ተርብ ሆዱ ውስጥ እንቁላል ጥላበት ነው። ልጇ ከውስጥ በልታው ስትጨርስ ጀርባውን በክብ ቀድዳ ትወጣለች። ያቺን ቀዳዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ያየሁ ቀን ቢሮ አርፍጄ ገባሁ። በመድኃኒቱ የፈጀኋቸው እነዚህን ሁሉ ነው። ክሽክሹ በሳምንት ይተካል። በሊታዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ወደ እንዶድ ሄድኩ። ሐሳቡ የእማዬ ነው። እሷ ልጅ ሆና ጋቢና ነጠላ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር፣ ሳሙና የበዓል ነገር ነው። ደረቁን ፍሬ ወቅጣ ውሃ ውስጥ አሳደረችው። ጠዋት አረፋው ከጆጉ አፍ ይፈሳል። ያን ሰም የለበሰ ክሽክሽ ውሃ ብቻውን አያረጥበውም ብያለሁ አይደል? አረፋው ያረጥበዋል። ማታ ማታ ፀሐይ ስትበርድ፣ ቅጠሉን እየገለበጥኩ ሆድ ሆዱን ረጨሁ። አሠራሩ ቀርፋፋ ነው፣ ወገብ ይቆርጣል፣ በሦስት ቀን መድገም ይፈልጋል። ግን በማግስቱ ጎመኑን አጥበን በላን።

በእንዶድ ግን እንዳትዘናጉ። ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ የዋህ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ይገድላል። ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ ትራፊውን በከተማችን በበሬሳ ወንዝ ዳር አልደፋም፣ ደረቅ መሬት ላይ ነው የማፈሰው። ትምባሆ ዘፍዝፈው የሚረጩም አሉ። እኔ አልሞከርኩትም፣ አልመክርምም። ኒኮቲን መርዝ ነው፣ በቆዳም ይገባል።

እስከዚህ ድረስ የማወራው ስለ ተባይ ነው። ጉዳዩ ሌላ ቦታ እንደነበር የነገሩኝ ከጀርባችን ያሉት አሮጊት ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። የእሳቸው የአበሻ ጎመን ከበጎቹ ጋጣ ሥር ነው የተተከለው። ክሽክሽ የለበትም አልልም፣ ግን እዚህም እዚያም ነው፣ አያለብሰውም። «ምን ያደርጉበታል?» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«የከሳ በግ ቅማል አያጣውም፤ አንተ መሬትህን አክስተኸዋል» አሉኝ።

በዩሪያ የወፈረ ጎመን እያሳየሁ «ከሳ» መባሌ አልገባኝም። እጄን ይዘው መደባቸው ላይ አስቀመጡት። «ውጋው» አሉ። ጣቴ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ጥቁር፣ ልፍስፍስ ያለ፣ ከዝናብ በኋላ መሬት የሚሸተውን ሽታ የሚሸት አፈር። የበጎቹ በጠጥ፣ የቤት ጠረጋው፣ የጠላው አተላ፣ አመዱ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚደፋው። ለአርባ ዓመት ነው የተደፋው። እቤት መጥቼ የኔን ወጋሁ። ጥፍሬ ተሰበረ።

የኛ ጓሮ ዋልካ ነው። ክረምት ጫማ ይውጣል፣ በጋ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል። ዩሪያው ለጎመኑ የሚበላ ሰጠው እንጂ ለአፈሩ ምንም አልሰጠውም። ዋልካን የሚያላላው የበሰበሰ ነገር ነው። የበሰበሰ ነገር ደግሞ እኛ አገር እበት ነው። እበት ደግሞ እኛ ቤት የእማዬ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረው።

ደጋ ያላደገ ሰው ኩበት ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ሁለት ላሞች አሉን። እማዬ በየማለዳው እበቱን ከጭድ ለውሳ፣ በመዳፏ ጠፍጥፋ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ሲደርቅ ይከመራል። የክምሩ ቁመት የቤቱ ማዕረግ ነው። ክረምት ሲገባ ክምሩ ያነሰበት ቤት ሰው ያዝንለታል። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች፣ መብራት ሲኖር። ድፎ ዳቦ ግን በኩበት ፍም ካልሆነ አይሆንላትም። ብርዱስ? በዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለታኅሣሥ ሌሊት ምድጃ ያስፈልጋል።

እኔ ደግሞ ተነስቼ «እበቱን ለጓሮው ስጪኝ» አልኳት።

«አመዱን እየሰጠሁህ አይደል?» አለች።

እውነቷን ነው፣ በግማሽ። የኩበት አመድ ውስጥ ፖታሽየም አለ፣ ፎስፈረስ አለ፣ ካልሲየም አለ። አፈር አሲድ ሲበዛበት ያስታግሰዋል፣ ችግኝ ሥር ሲነሰነስ ቆራጭ ትሉን ያስቸግረዋል። ነገር ግን ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ሄዷል። አፈሩን የሚያለሰልሰው፣ ውሃ የሚይዘው፣ ትሉን የሚቀልበው ነገር ሁሉ ተቃጥሏል። ይህን እንደ ትምህርት ቤት ላስረዳት ሞከርኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ታዲያ ጭሱን ያዘዋ» ብላ ተነሳች። እጄ አመድ አፋሽ ሆነ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ሰሞን በቁሙ አየሁት።

አኩርፌ ሳስብ አያቴ ትዝ አለኝ። በአያቴ አገር መሬት ራሱን ያቃጥሉ ነበር። ጋይ ይሉታል። ያደረውን መሬት አርሰው፣ ጓሉን ከነሥሩ ይከምሩና መሐሉ እበት አድርገው እሳት ይለቁበታል። ሜዳው ሙሉ በትንንሽ ጉብታ ይሞላል፣ ከሁሉም ጭስ ይወጣል። ለልጅ ዓይን የሚያምር ነገር ነበር። ያን የተቃጠለ አፈር መልሰው በትነው ገብስ ሲዘሩበት ገብሱ ይይዛል። እሳቱ ፎስፈረሱን ይለቀዋል፣ ጭቃውን ያላላዋል። አንድ ሁለት ምርት ይሰጣል። ከዚያ መሬቱ ይደክምና ለብዙ ዓመት ጦም ያድራል። መሬት ሰፊ በነበረበት ዘመን ያስኬድ ነበር። እኔ ግን ያለኝ አንዲት ጓሮ ናት፣ የት ትቻት እሄዳለሁ?

መፍትሔው የመጣው ከኔ አይደለም። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ እማዬ በር ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ፦

«ለመሆኑ ምን አስጨቀጨቀህ? ክረምት እኮ ኩበት አይደርቅም። ያ ሁሉ እበት ዝም ብሎ ጭቃ ሆኖ ነው የሚሄደው። እሱን ውሰድ።»

ለስድስት ወር የተከራከርንበት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እበት የኔ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የእሷ። በምላሹ የባህር ዛፉን ቅጠል ጠርጌ፣ አድርቄ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ሞልቼ ለማገዶ አስረክባለሁ። ይሄ የሷ ጭማሪ ነው። እኔንም ጠቀመኝ። የባህር ዛፍ ቅጠል ብስባሽ ውስጥ አስገብቼው ዓመት ሙሉ እንዳለ ነበር፣ ዘይቱ አያስበሰብሰውም። እሳት ግን ይወደዋል። ባህር ዛፍን «ውሃ መጣጭ» እያልን እንራገመዋለን፣ እኔም ከአትክልት አጠገብ አልተክለውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ለማገዶ ችግር ነበር። በኛ ጓሮ እንደዚያ ሆኖ እበት አተረፈልኝ።

ብስባሽ ስል ሥራ ቦታ ያለ ጓደኛዬ ይስቃል። እሱ በወረዳ ሲሠራ የኮምፖስት ጉድጓድ ተቆጥሮ ሪፖርት ይደረግ ነበር፣ የተሞላ ይሁን ባዶ ማንም አያይም ነበር ይላል። ይሆናል። ግን ሐሳቡ ቀልድ አይደለም። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በ1996 እ.ኤ.አ. ከትግራይ ገበሬዎች ጋር የጀመሩት ሥራ፣ በደንብ የተሠራ ኮምፖስት ከማዳበሪያ ጋር የሚወዳደር፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ምርት እንደሚሰጥ በገበሬው ማሳ ላይ አሳይቷል። «በደንብ የተሠራ» የምትለዋ ላይ ነው ነገሩ።

የኔ የመጀመሪያው በደንብ አልተሠራም። ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ነሐሴ ላይ ኩሬ ሆነ፣ ሸተተ፣ እማማ በአጥር በኩል አፍንጫቸውን ይዘው ጠየቁኝ። ጉድጓድ የበጋ ነው፣ እርጥበት ይይዛል። ክረምት ላይ ከመሬት ከፍ አድርጎ መከመር ነው። ከታች ነፋስ የሚያስገባ የባቄላ አገዳ፣ በላዩ ጭድ፣ በላዩ የታጨደ አረም ገና ሳያፈራ፣ በላዩ በውሃ የተበጠበጠ እበት፣ ትንሽ አመድ፣ እፍኝ የእማማ አፈር፣ እንደገና ከጭዱ። ላዩን በጭድና በጭቃ መረግነው። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰካን። በሳምንቱ እማዬ እንጨቱን መዝዛ በመዳፏ ያዘችና ለቀቀችው።

«ትኩሳት ይዞታል» አለች።

በሚገባ የተሠራ ክምር መሐሉ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ የአረም ዘርም ብዙ በሽታም በዚያ ያልቃል። የኔ መሐሉ ነው እንጂ ዳርዳሩ እንደዚያ አልጋለም፣ ከዳር የወሰድኩት ብስባሽ አረም ይዞብኝ መጣ። በወር አንዴ መገልበጥ ያስፈልጋል። ቆላ ላይ፣ ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ብትሆኑ፣ በሦስት ወር ያልቅላችኋል። እኔ ከመስከረም እስከ መጋቢት ጠበቅኩ። ውርጩ ሣሩን ነጭ ባደረገበት ማለዳ ከክምሩ ላይ እንፋሎት ሲወጣ ማየት ግን ለብቻው ደስ ይላል።

ሦስተኛው ክረምት አልፏል። አንድ ጆግ ውሃ መደቡ ላይ ስደፋ ድሮ ቆሞ ያየኝ ነበር፣ አሁን ይሰምጣል። ስቆፍር የምድር ትል አገኛለሁ፣ ዶሮዎቹ ከኋላዬ አይጠፉም። ጎመን ከነበረበት ባቄላ አስከትላለሁ። አበባው ላይ እያለ አንዱን ነቅዬ ሥሩን አያለሁ። ሥሩ ላይ ያሉት ትንንሽ እብጠቶች ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ካለ ባቄላው ናይትሮጂን ከአየር እየያዘ ነው። ያ የኔ ዩሪያ ነው። ክሽክሹ ዛሬም ይመጣል። እዚህም እዚያም ነው፣ አያለብሰውም።

ድንቹ ግን አልሆነልኝም። ክረምት ከተከልኩት በነሐሴ ጉም ቅጠሉ ይጠቁርና በሳምንት ውስጥ ይደርቃል። አመድም እንዶድም አላስቆመውም። በጋ በውሃ ከተከልኩት ደግሞ ውርጩ ይቀድመኛል። ማታ በጭድ አልብሼው፣ ጠዋት ገልጬው፣ እንደ ልጅ አሳድጌው፣ አንድ ሌሊት ረስቼ ስተኛ ሄደ። በሽታ የሚችል ዝርያ መፈለግ እንዳለብኝ ተነግሮኛል። እየፈለግኩ ነው።

አሁን የቀረኝ ፍልፈል ነው። ከሥር መጥቶ ካሮቱን በጅራቱ በኩል ይጎትተዋል። ቅጠሉ መሬት ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እንደ ፊልም ነው። መንዝ ጓሳ ላይ ለዚህ ቀይ ቀበሮ አለ። ምግቡ አይጥና አይጠ መጎጥ ነው፣ እና የመንዝ ሰው ለዘመናት ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጓሳውን ሲጠብቅ የቀበሮውንም ጓዳ ጠብቆለታል። ደብረ ብርሃን ጓሮ ውስጥ ግን ቀይ ቀበሮ ከየት ይመጣል? ድመታችን ጉድጓዱን አይታ ትመለሳለች። አንዱ መርዝ እህል ጉድጓዱ ውስጥ ጨምር አለኝ። ጣሪያው ሥር የተሰቀለችውን ሃይላንድ አሳየሁት።

እማዬ ደግሞ የራሷ ዘዴ አላት። ትናንት ማታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ኩበት አጭሳ በቆርቆሮ ከደነችው። ከራሷ ክምር ነው የወሰደችው፣ ከኔ ድርሻ አይደለም፣ ይህን ሦስት ጊዜ ነግራኛለች። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሜትር ፈንጠር ብሎ፣ ነጭ ሽንኩርቱ መሐል፣ አዲስ የአፈር ጉብታ ነበር።